«ለሚመለከተው ሁሉ»



የዚህ የግድግዳ ጋዜጣ አዘጋጆች «ሁልጊዜ የምናወጣው ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያና ስለ ዕለታዊ ዕቅድ ብቻ ሆነ፤ እስቲ እርስዎ ከገጠመኝዎ አንድ ነገር ይጻፉልን» ብለው ከያዙኝ ሰነበቱ። እኔም ዛሬ ነገ እያልሁ ቆይቼ ነበር። ባለፈው ሳምንት የሆነው ነገር ግን ብዕሬን አስነሣኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ከዚሁ ተቋም የተመረቀ አንድ ወጣት ቢሮዬ ድረስ መጣ። በአንድ የግል ት/ቤት ለመቀጠር አመልክቷል። በእጁ በኮምፒዩተር የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ይዟል። «ጋሼ፣ የምፈልገው ፊርማዎን ብቻ ነው» አለኝ። ወረቀቱ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ይጀምርና «በሥራው ታታሪ፣ በጠባዩ ምስጉን» ብሎ ይጨርሳል። ልጁን አውቀዋለሁ፤ ጎበዝ ነው። ሆኖም እስክሪብቶዬ ከወረቀቱ በላይ ቆሞ ቀረ። «ይህን ተወው፤ የት/ቤቱን ርእሰ መምህርት ስምና ስልክ አምጣልኝ፤ እኔው ራሴ እጽፍላቸዋለሁ» አልሁት። ፊቱ ተለዋወጠ። «ጋሼ፣ እኔን አያምኑኝም ማለት ነው?» ብሎኝ ወጣ።

ተቀይሞኝ እንዲቀር አልፈልግም። ይህን የምጽፈው ለእርሱ ብዬ ነው፤ ነገ እንዲህ ያለ ወረቀት ለምትጠይቁና ከነገ ወዲያ ደግሞ ለምትፈርሙት ለእናንተም ጭምር ነው። ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባል የለ?

የተቀበልሁት ወረቀት

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና በወጣትነቴ፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ የአንደኛ ደረጃ ት/ቤት ዲሬክተር ሆኜ ተሾምሁ። ቢሮዬ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የታይፕ መኪና፣ አንድ ቁም ሣጥንና አንድ ክብ ማኅተም ነበረ። ማኅተሙን ከኪሴ አልለየውም ነበር። ከባድ ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ክብደቱ በማን ላይ እንደሚያርፍ ግን አላውቅም ነበር።

በሁለተኛው ዓመት መስከረም ላይ የሒሳብ መምህር ጎደለን። ጥቂት ቆይቶ ከሌላ ዞን አንድ ሰው መጣ። ዕድሜው ሠላሳ ገደማ፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ለስላሳ። ከቀድሞ ት/ቤቱ ያመጣው ወረቀት «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። «ታታሪ፣ ትጉህና ለተማሪዎች አሳቢ» ይላል። ለምን እንደ ለቀቀ ግን አይልም። ያን ት/ቤት ከለቀቀበት ቀን እስከ እኛ ድረስ ስምንት ወር ባዶ ነበር፤ የት ከረምህ ብዬ አልጠየቅሁም። ቴሌ ከት/ቤቱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ሄጄ አልደወልሁም። መምህር አጥተው የሚንጫጩ ሰባ ልጆች አሉኝ፤ ሰው ተገኘ፤ ተመስገን ብዬ በማግሥቱ ክፍል አስገባሁት።

በዚያው ወር ለት/ቤቱ ገንዘብ ያዥ ቀጥረን ነበር። ልጅቷ ደመወዝተኛ ተያዥ አምጪ ተባለች። የተያዡ ደመወዝ ስንት እንደ ሆነ ለመሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ ተጠየቀ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ የካዝናውን ቁልፍ አልሰጠናትም። ነገሩን አስተዋላችሁት? ለገንዘብ ያዥ ዋስ ጠየቅን። ለልጅ ያዥ ግን ምንም አልጠየቅንም።

ሰውዬው ግሩም አስተማሪ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። ክፍልፋይን ዳቦ እየቆረሰ ያስተምራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ ክፍያ ማጠናከሪያ ይሰጣል። ወላጆች ይመርቁታል። ለእርማት የተሰበሰበውን ደብተር ልጆች ተሸክመውለት ወደ ተከራየበት ቤት ይሄዳሉ፤ እኔ ልሸከም፣ እኔ ልሸከም እያሉ ይሻሙ ነበር። እኔም በመስኮት እያየሁ «እንዲህ ያለ መምህር አሥር ቢሰጠኝ» እል ነበር። ልጅን ለብቻዋ ወደ መምህር ቤት መላክ ክልክል ነው የሚል ደንብ አልነበረንም። ደንቡ ስለሌለ ደግሞ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልተገኘም፤ ቢጠይቅ ምቀኛ ይባላል።

የአምስተኛ ክፍሏ ልጅ

አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ከጥር በኋላ ሰኞ ሰኞ ትቀር ጀመር። የክፍሏ ኃላፊ መምህርት ወደ እኔ መጥታ «ልጅቷ ሴክሽን ቀይሩልኝ ትላለች፤ ምክንያቱን አትናገርም፤ አንድ ነገር ሳይኖር አይቀርም» አለችኝ። «ሒሳብ ፈርታ ነው» ብዬ መለስኋት።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ እናትየዋ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆሙ። ይቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። «ጌታዬ፣ ልጄ ከእንግዲህ ደብተር አትሸከምም። ሌላ የምለው የለኝም» አሉ። ያሉት ይህንኑ ብቻ ነው። ነገሩ ገብቶኛል፤ እንዲገባኝ ግን አልፈለግሁም።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ዛሬ ክፍል ውስጥ የስሕተት ምሳሌ አድርጌ አስተምርበታለሁ። ልጅቷን ቢሮ አስጠራሁ። መምህሩንም አስጠራሁ። እርሱ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እርሷ ቆመች። «በይ፣ መምህርሽ ምን አደረጉሽ? እፊታቸው ተናገሪ» አልኋት። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። የጫማዋን ጫፍ እያየች «ምንም» አለች። እርሱም ፈገግ ብሎ «ልጅ አይደለች፤ ምን ይደረግ!» አለ። ልደብቃችሁ አልሻም፤ እኔም ደስ አለኝ። «ምንም» የምትለዋን ቃል ነበር የምፈልገው፤ እርሷኑ ሰጠችኝ።

የጻፍሁት ወረቀት

ከተማው ትንሽ ነው፤ ወሬ አያድርም። ከፋሲካ በኋላ የሌላ ልጅ ስምም መነሣት ጀመረ። የወላጅ ኮሚቴው ሊቀ መንበር፣ የልጅቷ አጎትና ሁለት ሽማግሌዎች ቢሮዬ ተሰበሰቡ። «ፖሊስ» የሚል ቃል ከአጎትየው አፍ አንድ ጊዜ ወጣ። ወዲያው አንደኛው ሽማግሌ «ኧረ ተው፣ የልጅቷን ስም አታጥፋ፤ ነገ ማን ያገባታል?» አሉት። ሊቀ መንበሩ «የት/ቤቱስ ስም?» አለ። ሌላው ሽማግሌ «እርሱም ቢሆን የሰው ልጅ ነው፤ እንጀራውን አትቁረጡበት» አሉ። እንዲህ አድርገን ስለ ስምና ስለ እንጀራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተነጋገርን። ስለ ልጅቷ ሕመም የተነጋገርነው አልነበረም። እናትየዋ አልተጠሩም።

በመጨረሻ መምህሩ በፈቃዱ ሥራውንም ከተማውንም እንዲለቅ ተወሰነ። እርሱም የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወረቀት። «ያለ ወረቀት የትም አልቀጠርም» አለ። የታይፕ መኪናውን ስቤ ጻፍሁለት። «ለሚመለከተው ሁሉ። መምህሩ በት/ቤታችን ባገለገሉበት ጊዜ ታታሪ፣ ትጉህና ለተማሪዎች አሳቢ እንደ ነበሩ እየመሰከርን፣ በገዛ ፈቃዳቸው መልቀቃቸውን እናረጋግጣለን።» ቃላቱን ከየት እንዳመጣኋቸው ታውቃላችሁ? እርሱ ይዞት ከመጣው ወረቀት ላይ ነው የገለበጥኋቸው። ማኅተሙን ሳሳርፍ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ያን የመጀመሪያውን ወረቀት የጻፈው ዲሬክተርስ በምን ዓይነት ቀን ይሆን የጻፈው? ሐሳቡን ቶሎ አባረርሁት።

ልጅቷ ከዚያ ወዲያ ወደ ት/ቤት አልተመለሰችም።

ሁለት ዓመት ያህል አለፈ። ለክረምት ኮርስ በተሰበሰብንበት ቦታ አንድ ሰው ስሜን እየጠየቀ መጣ። ሩቅ አገር ያለ የአንድ የሕዝብ ት/ቤት ዲሬክተር ነው። ከቦርሳው ወረቀት አወጣ፤ የገዛ ማኅተሜን አወቅሁት። «ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?» አለኝ። «አዎን» አልሁ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሦስተኛ ክፍል ልጅ ናት። ሰውዬው አሁን ወኅኒ ነው። እኔ ግን የቀጠርሁት እርስዎን አምኜ ነው» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንላለን። ተረቱ የሚወቅሰው ጅቡን ነው። በእኔ ታሪክ ውስጥ ግን ጅቡ ወደማያውቁት አገር የሄደው የእኔን ወረቀት ይዞ ነው።

መጽናኛዬን የወሰደብኝ ነገር

ለብዙ ጊዜ «ይህ ሁሉ ድህነታችን ያመጣው ነው፤ ስልክ የለ፣ መዝገብ የለ፣ መንገዱ ሩቅ» እያልሁ ራሴን አጽናና ነበር። በኋላ በሥራዬ ምክንያት ስለ አንድ የእንግሊዝ አገር ጉዳይ አነበብሁና ይህንን መጽናኛዬን አጣሁት።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 2002 በካምብሪጅሸር፣ ሶሃም በምትባል አነስተኛ ከተማ ሆሊ ዌልስና ጄሲካ ቻፕማን የሚባሉ ሁለት የ10 ዓመት ልጆች ተገደሉ። ገዳዩ ኢያን ሃንትሊ በከተማዋ የሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ውስጥ የሕንጻና የግቢ ጠባቂ ነበር። ልጆቹ የሚማሩት በሌላ ት/ቤት፣ በአንደኛ ደረጃው ነው። አብራው የምትኖረው ሴት ግን በዚያ ት/ቤት ረዳት ሆና ትሠራ ስለ ነበር ያውቋታል። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።

ጉዱ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሃንትሊ ቀደም ሲል ሃምበርሳይድ በሚባል ሌላ አካባቢ ሲኖር፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1999 ባሉት ዓመታት ከልጃገረዶችና ከሴቶች ጋር በተያያዘ ለፖሊስ ጥቆማ በተደጋጋሚ ደርሶበት ነበር። በአንዱም አልተፈረደበትም። ጥቆማው አንድ በአንድ ታየ፤ አንድ በአንድም ተዘጋ። አንድ ላይ ደርድሮ ያየ ሰው አልነበረም። ለት/ቤቱ ሥራ ያመለከተው ኒክሰን በሚል ስም ነው፤ ፖሊስም መዝገቡን ያገላበጠው በኒክሰን እንጂ በሃንትሊ አልነበረም። በሰር ማይክል ቢቻርድ የተመራው አጣሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ሪፖርቱን ሲያወጣ ፖሊሶቹን ብቻ ወቅሶ አልቀረም፤ የቅጥሩንም አሠራር መረመረ። የት/ቤት ሠራተኛ የሚመርጥ ኮሚቴ ሲሰየም፣ ቢያንስ አንዱ አባል ልጆችን በሚጠብቅ የአመራረጥ ዘዴ የሠለጠነ መሆን አለበት ብሎ አሳሰበ።

እንግዲህ ስልክም፣ ኮምፒዩተርም፣ መዝገብም ባለበት አገር ያው የእኛው በሽታ ተገኘ። አንዱ ቦታ የሚታወቅ ነገር ወደ ሌላው ቦታ አይሻገርም። የዛሬው የእንግሊዝ የት/ቤቶች መመሪያ አንድ ነገር በግልጽ ይላል፤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ የሚጀምር የምስክር ወረቀት አትቀበሉ፤ ቀጣሪው ራሱ ከቀድሞው መሥሪያ ቤት በቀጥታ ጠይቆ ያምጣ ይላል። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ለጥቂት ጊዜ ተቀመጥሁ። አሜሪካኖችም ችግር ያለበትን ሰው በመልካም ወረቀት ወደ ሌላ ት/ቤት ለመሸኘት ልማድ ስም አውጥተውለታል፤ ቆሻሻን ወደ ሌላው ማሳለፍ እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የትምህርት ሕጋቸው በልጅ ላይ የወሲብ ጥፋት መፈጸሙ የታወቀን፣ ወይም ይህን ለማመን በቂ ምክንያት ያለበትን ሠራተኛ ሌላ ሥራ እንዲያገኝ መርዳት እንዲከለከል ያዛል።

የእኛም ሕግ ዝም አላለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት ይታሰብ ይላል፤ በት/ቤት ውስጥ በአካል ከሚፈጸም ቅጣትም ይጠብቃቸዋል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 626 ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 18 ዓመት በሆኑ ልጆች ላይ የሚፈጸመውን የግብረ ሥጋ ጥቃት ይቀጣል። ተበዳዩ የአጥፊው ተማሪ ሲሆን ደግሞ ቅጣቱን ያከብደዋል። ከ13 ዓመት በታች ያሉትን በአንቀጽ 627 ለብቻ አውጥቶ ይበልጥ ያከብዳል። ስለዚህ ነገሩ ሽማግሌ ተቀምጦ የሚጨርሰው የድንበር ጠብ አይደለም። ሽምግልና የከበረ ባህላችን ነው፤ የተጣሉትን ያስታርቃል። ልጅቷ ግን ከመምህሯ ጋር አልተጣላችም፤ ተበደለች።

ታዲያ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ስለ መቅጠር። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ጥቂት ዓመት ቆይታችሁ ዩኒት ሊደር፣ ዲሬክተር፣ የቅጥር ኮሚቴ አባል ትሆናላችሁ። ያን ጊዜ ይህን አስታውሱ። ወረቀቱን ከአመልካቹ እጅ ብቻ አትቀበሉ፤ ለመጨረሻው ት/ቤት ኃላፊ ራሳችሁ ደውሉ። ስልኩንም አመልካቹ ከሰጣችሁ ሳይሆን ከወረዳው ትምህርት ጽ/ቤት ውሰዱ። «ጠባዩ እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ለዚህ ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «ምስጉን» ነው። «ከልጆች ጋር በተያያዘ ጥቆማ ቀርቦበት ያውቃል? ምን ተደረገ? ዛሬ መልሰው ይቀጥሩታል?» በሉ። ለመጨረሻው ጥያቄ ዝምታ ከመጣ ዝምታውን ልብ በሉት። በሥራ ታሪኩ ውስጥ ባዶ ወራት ካሉ ራሱን ጠይቁት። ሰው ሊታመም፣ እናቱን ሊያስታምም፣ ሥራ ሊያጣ ይችላል፤ ነውር የለበትም። ቀጥተኛ ሰው ይነግራችኋል። መታወቂያውንና የትምህርት ማስረጃውን ዋናውን እዩ፤ ስሙ በሁሉም ላይ አንድ መሆኑን አስተያዩ።

ከፖሊስ የሚመጣውን ከወንጀል ነፃ ማስረጃም ጠይቁ። ነገር ግን በእርሱ ተማምናችሁ አትተኙ። የተፈረደበትን እንጂ ሽማግሌ የሸፈነውን አይናገርም። እኔ የሸኘሁት ሰው በዚያን ቀን ቢጠየቅ ነፃ ነበር።

ይህም ለመምህር ብቻ አይደለም። ለዘበኛው፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ለላይብረሪው፣ ለስፖርት አሠልጣኙም ያው ነው። ሃንትሊ ጠመኔ ይዞ ክፍል አልገባም።

ሁለተኛው ስለ ጥቆማ ነው። ልጅ የሚነግረው ለዲሬክተር አይደለም፤ ለሚወደው መምህር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትሰሙት እናንተ ትሆናላችሁ፤ ምናልባትም በተግባር ልምምዳችሁ ላይ። ያን ጊዜ የያዛችሁትን ሥራ ትታችሁ አዳምጡ። «እርግጠኛ ነሽ?» አትበሉ። በጥያቄያችሁ ውስጥ መልሱን አታጉርሱ፤ «እንዲህ አደረገሽ?» ከማለት «ከዚያስ?» ማለት ይበቃል። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ ልትጠብቁት አትችሉምና። «መንገርሽ ደግ አደረግሽ፤ ሊረዱሽ ለሚችሉ ሰዎች እነግራለሁ» በሉ። ከዚያ በዚያው ዕለት፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጨምራችሁ፣ ልጁ በተናገረበት ቃል ጻፉ። እናንተ ስታሳምሩት ይበላሻል። የጻፋችሁትን ለርእሰ መምህሩ ስጡ። የተጠቆመው ርእሰ መምህሩ ራሱ ከሆነ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽ/ቤት ሂዱ። ወንጀል የሚመስል ነገር ካለ ለፖሊስ ይነገር፤ መመርመር የእርሱ ሥራ ነው። እኔ እንዳደረግሁት ልጅን ከተጠቆመው ሰው ፊት አታቁሙ። ሰውዬው ሥራ ለቅቄአለሁ ቢልም ምርመራው አይቁም፤ ውጤቱም በማኅደሩ ይቀመጥ። ያለዚያ ወረቀቱ ሌላ ከተማ ይደርሳል።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «የሐሰት ጥቆማ ቢሆንስ? የመምህሩስ መብት?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ደርሶብኛል።

ከዚያ ታሪክ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በሌላ ት/ቤት ሳለሁ፣ ስለ አንድ ወጣት የስፖርት መምህር ጥቆማ መጣ። አንዲት ልጅ ለሁለተኛ ክፍል መምህርቷ ነግራለች። ከሰዓት በኋላ ግቢው በሙሉ «የስፖርት መምህሩ» እያለ ያወራ ነበር። እኔ ግን አሁን ተምሬአለሁ። መምህሩን ጠርቼ «ጥቆማ ቀርቧል፤ ጥፋተኛ ነህ አላልሁህም፤ ነገሩ እስኪጣራ ከልጆች ርቀህ ንብረት ክፍል ቆጠራ ታግዛለህ፤ ደመወዝህ አይነካም» አልሁት። ለሚመለከታቸውም አስታወቅሁ። መምህርቷ በዚያው ሰዓት የጻፈችው ወረቀት ሲታይ ልጅቷ ያለችው «የኳሱ ሰውዬ» ነው። «የኳሱ ሰውዬ» ደግሞ ማታ ማታ አጥር ዘልሎ ሜዳችን ላይ ኳስ የሚጫወት የሰፈር ጎረምሳ ሆኖ ተገኘ። «መምህር» የሚለውን ቃል የጨመርነው እኛ ትልልቆቹ ነን። የልጅቷ ቃል እንዳለ ባይጻፍ ኖሮ ንጹሑ ሰው ተሰቅሎ፣ ጥፋተኛው ኳሱን ይጫወት ነበር።

መምህሩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ክፍሉ ተመለሰ። ጥቆማው እርሱን እንደማይመለከት የሚገልጽ ደብዳቤ በስሙ ጻፍሁለት፤ በሠራተኞች ስብሰባም አነበብሁት። እስከ ዛሬ ግን ሰላምታው ቀዝቃዛ ነው። አልፈርድበትም፤ አሥራ ሁለት ቀን ረጅም ነው። ቢሆንም ያን ቀን በሽምግልና ሸፍነን ብናልፈው ኖሮ ጥርጣሬው ዕድሜ ልኩን ይከተለው ነበር። በእንግሊዝ ት/ቤቶች የእንዲህ ያለ ምርመራ ውጤት ለያይቶ ይጻፋል፤ ተረጋገጠ፣ ሐሰት ነው፣ በተንኮል የቀረበ ነው፣ መሠረት የለውም፣ ወይም ለማረጋገጥም ለማስተባበልም ማስረጃ አልበቃም። አልተረጋገጠም ማለት ሐሰት ነው ማለት አይደለም። እኛ ሁሉንም «ወሬ ነው» በሚል አንድ ከረጢት ውስጥ ስለምንከት ንጹሑም አይነጻ፣ ጥፋተኛውም አይያዝ።

ከገበያ ስመለስ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዘመድ ሐዘን ወደዚያች የወረዳ ከተማ ሄጄ ነበር። ስመለስ በገበያው በኩል አለፍሁ። ሽንኩርት ልገዛ ጎንበስ ስል ሻጭዋ «ጋሼ፣ አላወቁኝም?» አለችኝ። አወቅኋት። የአምስተኛ ክፍሏ ልጅ ናት። አጠገቧ ዩኒፎርም የለበሰች አንዲት ሕፃን ተቀምጣ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ልጅቷን የምታስገባበትን ት/ቤት ስትመርጥ ምን እንዳሰበች መጠየቅ ፈለግሁ፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ፈለግሁ፤ በገበያ መካከል እንዴት ተብሎ! ሽንኩርቱን መዘነች፤ በላዩም ምርቃት ጨመረችልኝ። «ደግ ነበሩ እኮ፣ ጋሼ» አለችኝ። ሽንኩርቱን ይዤ አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ እንዴት እንደ ደረስሁ አላስታውስም።

እርሷ ይህን ያለችው ለትሕትና ይሁን ለሌላ አላወቅሁም። እኔ ግን ደግ አልነበርሁም፤ ለሁሉም ደግ መስዬ ለመታየት የፈለግሁ ሰው ነበርሁ። ለሽማግሌዎቹ ደግ፣ ለሰውዬው ደግ፣ ለት/ቤቱ ስም ደግ። የዚያን ሁሉ ደግነት ዋጋ የከፈሉት ሁለት ልጆች ናቸው፤ አንዷን አውቃታለሁ፤ አንዷን አላውቃትም።

ወደ ወጣቱ ልመለስ። የት/ቤቱን ስልክ በጓደኛው በኩል ላከልኝ። ርእሰ መምህርቷ ጋ ደወልሁ። ሴትዮዋ ብርቱ ናቸው፤ ማንነቴን ካጣሩ በኋላ «ልጁን ስንት ዓመት ያውቁታል? ከልጆች ጋር ሲሠራ በዓይንዎ አይተዋል? የእርስዎን ልጅ እርሱ ክፍል ያስገባሉ?» እያሉ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። የማውቀውን ነገርኋቸው፤ የማላውቀውንም አላውቅም አልሁ። ከዚያም በስማቸው ደብዳቤ ጻፍሁ። ወጣቱ እንደ ተቀጠረ ሰምቻለሁ። እስካሁን ግን አልመጣም።

ልጄ፣ ይህ ጽሑፍ በጓደኞችህ በኩል ከደረሰህ ልብ ብለህ ስማኝ። «አያምኑኝም?» ላልኸው መልሴ ይህ ነው፤ አምንሃለሁ። ያንንም ሰው አምኜው ነበር። የእኔ እምነት ለልጆቹ ዋስ አይሆናቸውም። አንተን የሚጠይቁህ ሌላውን ሁሉ ስለሚጠይቁ ነው፤ ሁሉም ሲጠየቅ ቀጥተኛው ሰው የሚያጣው ነገር የለም። ነገ አንተም በወንበሩ ላይ ስትቀመጥ እንዲሁ ጠይቅ።

እናንተም ዕጩ መምህራን፣ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ወረቀት ይዛችሁ ወደ ቢሮዬ ብትመጡ አልፈርምም። የት/ቤቱን ስምና የኃላፊውን ስም ይዛችሁ ኑ፤ ያን ዕለት በደስታ እጽፍላችኋለሁ።

ለዛሬው እዚህ ላይ ላብቃ። ቸር ይግጠመን።

ከሥነ ትምህርት ክፍል መምህራን አንዱ